ጊታሩን ማን መታው?

ወይንሸት ሥራዋን ሁልጊዜ የምትጀምረው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሸክላውን በለስላሳ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ መርፌውን ታሳርፋለች፣ ከዚያ ካርድ አውጥታ የግጥሙንና የዜማውን ባለቤት፣ የተጫዋቾቹንም ስም ትሞላለች። በሬዲዮ ጣቢያው የሙዚቃ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ ሳትሞላው የቀረችው ካርድ አንድ ብቻ ነው። «የቀትር መንገደኛ» የሚለው፣ የድሬዳዋ ልጆች በ1965 ዓ.ም. የቀዱት፣ ያን ጊዜ ወጣቱን ያሳበደ የሮክ ዘፈን። ሸክላው ላይ ድራም በየነ፣ ቤዝና ድምፅ አብዱረዛቅ፣ ተቀባይ ተዋበች ይላል። ጊታር የሚለው ፊት ለፊቱ ባዶ ነው፤ ግጥምና ዜማም እንደዚያው።

ተዋበች የወይንሸት እናት ናት። ከሞተች አርባዋ እንኳ አልወጣም። ልጇን ብቻዋን አሳድጋ፣ በአያቷ ስም አስጠርታ፣ «አባቴ ማነው?» ስትባል ሃምሳ ዓመት ሙሉ አፏን ዘግታ ኖረች። ትንፋሿ ሊቆረጥ ሲል ግን «እዚያ ዘፈን ላይ ጊታሩን የሚመታው፣ እሱ ነው» ብላ አረፈች። በቃ! ስም የለ፣ አገር የለ። እናት ሞታ አትወቀስ ነገር ሆኖባት፣ ወይንሸት ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ድሬዳዋ ወረደች። የአባቷን ስም ሳትይዝ ላትመለስ ለራሷ ምላለች።

ሆቴሉ ውስጥ አስተናጋጇ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አመጣችላት።

«ብቻዬን ነኝ እኮ።»

«ውይ፣ ይቅርታ እትዬ! ሁለት ሆናችሁ የገባችሁ መስሎኝ ነው።» ልጅቷ አንዱን ብርጭቆ አነሳች፤ የወይንሸትን ዓይን ግን አላየችም። ሙቀቱ አዙሯት ይሆናል ብላ ወይንሸት ተወችው።

ድራም መቺው ጋሽ በየነ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ የኒም ዛፍ በጋረደው አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ቤት ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ወንበር አወጡላት። የዘፈኑን ስም ስትጠራ ፊታቸው ጠቆረ። የተዋበች ልጅ መሆኗን ስትነግራቸው ደግሞ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ጊታር አልነበረንም» አሉ።

«ጋሽ በየነ፣ ሸክላው ላይ እኮ ይሰማል። በስልኬ ላሰማዎት?»

«እንዳትከፍቺው!» ግራ እጇን ሳታስበው ያዙና የጣቶቿን ጫፍ በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። ቆዳዋ እዚያ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ የጠነከረ ነው፤ የሥራ ብዛት ነው ስትል ነበር የኖረችው። «ክር ትመቻለሽ?»

«ጊታር ነክቼም አላውቅ።»

እጇን ለቀው መዳፋቸውን ሸሚዛቸው ላይ ጠረጉ። «አብዱረዛቅን ጠይቂ። እኔ ታምሜያለሁ» አሉና በሩን ዘጉባት። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሁለቴ ሲገባ ሰማች።

የወይንሸት ጥርጣሬ ያኔ ነው ጓዙን ጠቅልሎ የገባው። ሰው በንጹሕ ሕሊናው የሙት ልጅ ፊት በር ይዘጋል? ዘመኑን ታውቀዋለች፤ ከዘፈኑ ወዲህ ብዙም ሳይቆይ ጓደኛ ጓደኛውን አሳልፎ የሰጠበት ጊዜ መጥቷል። ስሙን ከሸክላው ያስቀሩት፣ የት እንደደፉት እነሱ ስለሚያውቁ ይሆናል። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ቀብረውትስ ቢሆን?

ድሬዳዋ ከስድስት ሰዓት በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ነጋዴው ሽርጡን አገልድሞ ይጋደማል፤ በዚያ ሰዓት የሰው በር የሚያንኳኳ የአገሩ ሰው የለም። ወይንሸት የአዲስ አበባ ሰው ናትና በዚያው ሰዓት ወደ ጋሽ አብዱረዛቅ ቤት አመራች። ስትሄድ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣ የደረቀ ቅጠል ከእግሯ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማታል፤ የተቃጠለ አቧራና የጋለ ብረት ይሸታታል። ሁለት ጊዜ ቆመች፤ ሁለት ጊዜም የቅጠሉ ድምፅ ከእሷ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ቆመ። ዞራ ብታይ መንገዱ ጭር ብሏል።

ጋሽ አብዱረዛቅ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የመስኮቱ መጋረጃ ወርዶ ክፍሉ ጨልሟል፤ ቬንትሌተሩ ብቻ ይንቋቋል።

«አቦ፣ በዚህ ሰዓት የሰው በር ይንኳኳል እንዴ?» አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «ግቡ በሉ። ተቀመጡ።»

«አንድ ነኝ ጋሼ። የተዋበች ልጅ ነኝ። ጊታሩን ማን መታው?»



«የቀዳንበት የባቡር ሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ስቱዲዮ አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «የጋሪው፣ የባቡሩ ጩኸት ሁሉ ቴፑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከተማው የሚተኛበትን ሰዓት መረጥን። ትልልቆቹ በቀትር ባዶ ቤት አትጩኹ፣ የሚመልስላችሁ አለ ብለውን ነበር፤ ልጆች ነን፣ ሳቅንባቸው። እኔ፣ በየነ፣ እናትሽ። ጊታር መቺያችን ጅቡቲ ሄዷል። ቀድተን ስናዳምጠው ጊታር አለበት። ግጥሙም የእኛ አይደለም። ዋላሂ፣ በገዛ ድምፄ፣ ሰምቼው የማላውቀውን ግጥም እዘፍናለሁ!»

«እና ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናድርግ፣ ጣፈጠን። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ደገምነው። አሁን በጆሯችን ሰማነው፤ ከመድረኩ መጋረጃ ኋላ ይመታል። እናትሽ ደፋር ነበረች፣ ልየው ብላ ገባች። እኛ ማቆም አቃተን፤ እጃችን አልታዘዝ አለ። ዘፈኑ ሲያልቅ እየሳቀች ወጣች። በማታው ባቡር አዲስ አበባ ገባች። ከዚያ መጋረጃ ኋላ ያለው ግድግዳ ነው። በር የለውም።»

ወይንሸት ከወንበሯ ተነሳች። «ተረት ነው የሚነግሩኝ? ገድላችሁታል! የት እንደቀበራችሁት ይንገሩኝ፣ አጥንቱን ልውሰድ!»

«ቀስ በይ፣ ስለ አላህ!» ጋሽ አብዱረዛቅ ወደ ግድግዳው ሸሹ። «እሱን እንቀብረው ዘንድ ምን ሥጋ ነበረው? ከእናትሽ ጋር ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲያ እዚህ ከተማ ሰምተነው አናውቅም። ስሙን ያልጻፍነው ስም ስለሌለው ነው። አሁን ሂጂ። ደግሞም በዚህ ሰዓት አትጥሪው፣ የምትፈልጊውን እንዳትጠሪው!»

ቬንትሌተሩ ቆመ። መብራት ሄዷል። በዝምታው ውስጥ የሃምሳ ዓመት ናፍቆቷ ሁሉ ደረቷ ላይ ተቆለለ፤ የትምህርት ቤቱ ቅጽ፣ የሠርጓ ቀን፣ ሰው ሁሉ ያለው እሷ ያጣችው ነገር። እንባዋ ወረደ። ፈርታም፣ ተናዳም፣ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ከአፏ ያልወጣውን ቃል ጮኻ ተጣራች።

«አባዬ!»

«ወዬ፣ ልጄ» የሚል የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ረጋ ብሎ መለሰላት፤ የወጣው ግን ከገዛ ጉሮሮዋ ነበር።