ፍም የማይመስል መብራት

ነገራ የሞተው እግሩን ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ሳያወጣ ነው። ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ፊቱን በነጠላ እንደሸፈነ፣ ጭንቅላቱን በእንጨት ተመትቶ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ያገኘችው ሚስቱ አዲሳለም ናት። አልጮኸችም። ወጥታ ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤት ጮኸላት።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ሲና ስትመጣ፣ በር ላይ የቆመው የፖሊስ መኪና አዲሳለምን ሊወስድ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ራሷም ታውቃለች። ግን የሌላ ሰው ጉዳይ መሰላት፤ የደነዘዘ እጅ የራስ እንደማይመስል ሁሉ።

ሐኪሙ ሞቱን ከሰባት ተኩል እስከ ዐሥር ሰዓት ባለው ውስጥ አድርጎታል። የነገራ ታናሽ ወንድም ቤዛብሕ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሕይወት አየሁት ብሏል። ከዘጠኝ በኋላ ግቢው ውስጥ የነበረችው አዲሳለም ብቻ ናት።

ሲና መጀመሪያ ከነገራ ጋር የሚሸምነውን ሱራፌልን አነጋገረች። ከጠዋት ጀምሮ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ሲያስረክብ እንደዋለ ነገራት፤ ምስክሮቹን ቆጠረላት። ክፍሉ ውስጥ ስላለው ሁለተኛ ጉድጓድ ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ።

«የአባታቸው ጉድጓድ ነበር። ቤዛብሕ ሥራ እያቋረጠ ሲጠፋ ጋሼ ነገራ አምና ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ባዳ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ሰላም አልተባባሉም፤ አልዋሽዎትም።»

ቤዛብሕ ግን ረጋ ብሎ ነው ያወራት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጳውሎስ አካባቢ ካፌ ከጓደኞቹ ጋር ነበር።

«ከዚያ በፊት፣ ዘጠኝ ላይ ብቅ ብዬ ነበር። መብራቱን እንደ ልማዱ ዝቅ አድርጎት፣ ፍም መስሎ ቀልቷል። ዐይኑን ሲያሳርፍ እንዲያ ነው። እጁን ብቻ አወዛወዘልኝ፤ ሳልረብሸው ወጣሁ።»

ሲና ወደ ሸማው ክፍል ገባች። መስኮት የለውም፤ ቀንም በመብራት ነው የሚሠራበት። ግድግዳው ላይ መብራቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ክብ መዘውር አለ፣ ዲመር የሚሉት። ነገራ ዐይኑ ሲደክምበት ከሦስት ዓመት በፊት ያስገባው ነው። ሲና ዝቅ አደረገችው። አምፖሉ ተርገበገበ፣ እንደ ንብ እምም አለ፣ ጠፋ። መልሳ ከፍ አደረገችና ቆማ አየችው።

«እትዬ አዲሳለም፣ ይሄ አምፖል መቼ ገባ?»

«ትናንት። ምሳ ላይ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«የጠየቀኝ የለም።»

የድሮው አምፖል ትናንት ጠዋት ተቃጠለ። ኪዮስኩ እንደዚያ ዓይነት ስለሌለው ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ገዝታ፣ በርጩማ ላይ ወጥታ ራሷ ጠመዘዘችው። ነገራ ዝቅ ሲያደርገው እየተርገበገበ አስቸገረው፤ አጉረምርሞ ከፍ እንዳለ ተወው። ከዚያ ሰባት ተኩል ላይ ለቅሶ ቤት ሰሃን ልታጥብ ሄደች፤ ዘጠኝ ሰዓት ተመለሰች። ይተኛ ብላ እስከ ዐሥር በሩን አልከፈተችም። ይሄን ሁሉ ስትናገር ድምጿ ገበያ ውላ የመጣች ሰው ድምፅ ነበር።

ሲና ወደ ኪዮስኩ ወረደች። ስትመለስ ከጎረቤት አንድ የድሮ አምፖል ይዛ ነው። አዲሳለምን፣ ሱራፌልንና ቤዛብሕን ሸማው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ይሄ የድሮው ውስጡ ክር አለው» አለችና አስገባችው። «ኤሌክትሪኩ ሲቀንስበት ክሩ ይቀዘቅዛል፤ እየቀላ ይሄዳል።» ዝቅ አደረገችው። ክፍሉ ፍም መሰለ።

ቀጥላ የአዲሳለምን መለሰች። «ይሄ ክር የለውም። ለዲመር ተብሎ የተሠራ ኤልኢዲ አለ፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፎበት ይሸጣል። እሱም ይደበዝዛል እንጂ እንዲህ አይቀላም። ይሄኛው ግን መደብዘዝም አያውቅበትም። ጠምዛዛው ኃይል ቆጣቢ አምፖልም እንደዚሁ ነው።» ዝቅ ስታደርገው ተርገበገበና ጠፋ። ጨለማው ውስጥ የአንድ ሰው ትንፋሽ ተሰማ።

መብራቱ ሲመለስ ቤዛብሕ ግንባሩን እየጠረገ ነበር። «እ... ማለቴ፣ ያው ደብዘዝ ብሎ ነበር። ቀለሙን ማን ልብ ይላል?»

«ፍም ያልከው አንተ ነህ። ያየኸውን ሳይሆን ሦስት ዓመት የለመድከውን ነው የነገርከኝ። ወንድምህ ፊቱን በነጠላ የሸፈነው መብራቱ አልቀንስ ስላለው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር ያልከው አንተ ብቻ ነህ። የሞተን ሰው በሕይወት አየሁት ብሎ የሚዋሽ፣ መሞቱን አስቀድሞ ያወቀ ነው። ባለ ኪዮስኳ ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ግቢው ስትገባ አይታሃለች፤ ዘጠኝ ላይ ግን አላየችህም። በስምንት ሰዓት እትዬ ለቅሶ ቤት ሃያ ሰው መሃል ነበሩ። ሱራፌል ሽሮ ሜዳ።»

ቤዛብሕ ጉድጓዱን አየ። «ልለምነው ነው የመጣሁት። የአባቴን ቦታ መልስልኝ ልለው። ነጠላውን ሳያነሳ "ሂድ" አለኝ። ፊቴን እንኳ አላየም።»

ሱራፌል ማልቀስ ጀመረ። አዲሳለም አየችው፤ እንዴት እንደሚለቀስ ልትማር የፈለገች ይመስል ነበር።

ለእሷ በመጣው መኪና ቤዛብሕን አስገቡት። ሲና ወረቀቷን ይዛ ተመለሰች።

«ጣቢያ ምግብ የሚያመጣለት ሰው አለው?»

እናትና አባታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሚስት የለውም። ዐሥራ አንድ ዓመት ከአዲሳለም መሶብ ነው የበላው።

«ከእኔ ሌላ የለውም» አለች አዲሳለም።

ሲና ስሟን ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ዛሬ አላመጣም። ነገን እንጃ።»