ከአሥር የሚጀምረው ሜትር

ሄርማታ ውስጥ የሐጂ መሐሙድን የግንባታ ዕቃ ሱቅ የማያውቅ ግንበኛ ካለ፣ እሱ ገና ትናንት ጅማ የገባ ነው። ልጃቸው ፈድሊያ ቆርጣ የሰጠችውን ቱቦም ሆነ ሽቦ ማንም መልሶ አይለካም። «የሐጂ ልክ» ከተባለ አለቀ!

የሚገርመው ግን ባንኮኒው ላይ ያለው ሜትር ጫፉ ከተሰበረ ስድስት ዓመቱ ነው። የሚጀምረው ከአሥር ነው። ፈድሊያ አንድ ሜትር ስትለካ አሥር ደምራ መቶ አሥር ላይ ትቆርጣለች። ሐጂ ደግሞ «አዲሱ ለሽያጭ ነው» ብለው ሜትሩን አልቀየሩም።

በ2005 ሚያዝያ ላይ ሱፊያን የሚባል የሰርቦ ልጅ ሱቁ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኮንትራት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። የአሉሚኒየም ሽቦ የሚቆረጥበትን ልክ በወረቀት ጽፎ አቀበላት።

«ምን ልትሠራበት ነው?»

«አንቴና። አማተር ራዲዮ የሚወዱ ሰዎች ያመጠቋት ትንሽ ሳተላይት አለች። በላያችን ስታልፍ የባትሪዋን፣ የሙቀቷን ነገር በዲጂታል ትልካለች። መቀበያው ይኸው» አለና ፍላሽ የምታክል የቲቪ መቀበያ ከኪሱ አወጣ። «ላፕቶፕ ላይ መሰካት ነው።»

«ሰማይ ላይ ያለችውን በዚች? አትቀልድ ባክህ!»

«በዚችና አንቺ በምትቆርጪው» አላት።

ይህን ብሎ እንኳ ዓይኑን ከፊቷ ላይ አልነቀለም። እሷም አንገቷን ደፍታ ቆረጠችለት።

ከዚያ ወዲህ መመላለስ አበዛ፤ አንድ ቀን ለብሎን፣ አንድ ቀን ለማሰሪያ። ሐጂ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት፣ «ይኼ ልጅ አንቴና ነው የሚሠራው ወይስ የዶሮ ቤት?» ይላሉ። ፈድሊያ ትስቃለች፤ የቀረ ቀን ግን መንገድ መንገዱን ስታይ ትውላለች። ወደደችው፣ ምን ይደበቃል! እሱም ወዷታል። ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ኮንትራቴ አርብ ያልቃል። ‹በርካሽ ዕቃ ሳተላይት መቀበል እንደሚቻል ካሳየኸን እናድስልሃለን› ብለውኝ ነበር። አንዲት መስመር እንኳ አልመጣችም። ገመዱን ቀየርኩ፣ ፕሮግራሙን ቀየርኩ፣ ምንም የለም። ሰመራ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

ፈድሊያ መቁረጫውን አስቀመጠች።

«ሽቦዎቹንስ ለካሃቸው?»

«የሐጂ ልክ ደግሞ ይለካል እንዴ?»

ያን ቀን ስትቆርጥ አሥር መደመሯን ልታስታውስ ሞከረች። የሚታወሳት ዓይኑ ብቻ ነው።

«ማሎ፣ ባክህ ሱፊያን፣ አንቴናውን አምጣው።»

አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አጋደመው። እሷም ከመደርደሪያ አዲስ ሜትር አውርዳ ለካች። መቶ አምስት መሆን የነበረበት ዘጠና አምስት ነው። ሌሎቹም አሥር አሥር ጎድለዋል። አንቴና ደግሞ ልኩ ከሳተ አይቀበልም።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ የሱቁም ስም አይነካም። እሱ ግን ይሄዳል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ሁሉንም አሳጥሬ ቆርጬልሃለሁ። ስድስት ዓመት ስቆርጥ ተሳስቼ አላውቅም፣ ወላሂ!»

«ታዲያ ያን ቀን ምን ነካሽ?»

አባቷ ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። አይታቸዋለች። ቢሆንም አፏን መያዝ አልቻለችም።

«እንደዚያ እያየኸኝ አሥር መደመር ከየት ይታወሰኝ!»

ሱፊያን እስከ ጆሮው ቀላ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፈድሊያ፣ በአዲስ ሽቦ እንደገና ቁረጪለት። አንተ ደግሞ ፊትህን ወደ መንገዱ አዙር!»

አዞረ። ቆረጠች።

አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሱፊያን የተጻፈበት ወረቀት ይዞ እየሮጠ ሱቁ ገባ።

«መጣች! ባትሪዋም፣ ሙቀቷም፣ ስሟም! አለቃዬ ቆሞ አየ።»

«ሰመራስ?»

«ሰመራ ትቅር። ኢንሻአላህ ሽማግሌ እልካለሁ።»

በማግስቱ ሐጂ መሐሙድ የድሮውን ሜትር ከባንኮኒው አንስተው አዲስ አስቀመጡ።

«አባ፣ የለመድነውን ለምን?» አለች ፈድሊያ።

«ልጁ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት አይጠፋም» አሉ ሐጂ። «እሱ ባለበት ደግሞ አንቺ መደመር አትችዪም።»