የሙዐዊያ ወርቅ በጉሎ ዘይት ላይ

ታምኑኛላችሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እኔ ራሴ እስካሁን እጠራጠራለሁ። አገጬ ላይ ያለው ስፌት ግን አይጠራጠርም...

አሶሳ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ።

ጃፓን ተምሬ ስመለስ አንድ ማሽን ይዤ መጥቼ ነበር። ከመስታወት ክዳኑ ውስጥ ፓምፑ አየሩን ይመጥጣል። ትንሽ አርጎን ጋዝ ይገባል። ከዚያ ኤሌክትሪኩ ከላይ የተሰቀለውን ወርቅ ይደበድበዋል፤ ብናኙ ከታች በሳህን በተቀመጠ የጉሎ ዘይት ላይ ይዘንባል። በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ። አንዳንዴ ደግሞ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል።

ወርቁን ያመጣው የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ማህጁብ ነው። ወንድሙ ሙዐዊያ ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶበት እዚያው ቀርቷል። ይህ ወርቅ ጉድጓዱ ከመደርመሱ በፊት በቅርጫት ወደ ላይ የላከው የመጨረሻው ነው።

«የተቀበረ ሰው ወርቅ እኛ አንሸጥም» አለኝ፣ ሴትንም እንደ ወንድ በሚጠራው አማርኛው። «ይሄ ግን ትምህርት ነው፣ መሸጥ አይደለም። ኸድራ... የሙዐዊያ ሚስት፣ እምቢ ብሎ ነበር። እኔ ለመንኩት።»

ማሽኑን አስነሳሁት፤ በክዳኑ ውስጥ ሐምራዊ ብርሃን በራ።

ዘይቱ ላይ ወርቃማ ቆዳ ተነጠፈ።

ከዚያ... ተነፋ። ወረደ። ተነፋ።

«ይተነፍሳል» አለ ማህጁብ በሹክሹክታ።

«ሙቀት ነው።»

«እሺ... ሙቀት ነው።»

ቋ... ቋ...

ከመስታወቱ ውስጥ!

አየር በሌለበት ድምፅ አይሄድም። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ።

ቋ...

የማህጁብ ፊት አመድ መሰለ። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ድንጋዩን በዶማ ሲመታ፣ ከላይ ገመድ የያዘው መልሶ መምታት አለበት። ካልመለሰ የታችኛው ብቻውን እንደቀረ ያውቃል።

ያን ቀን ገመዱን የያዘው ማህጁብ ነበር።

«አትመልስ» አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

መፍቻውን አንስቶ የጠረጴዛውን ብረት መታ።

ቆዳው ተወጠረ። ከስሩ አፍንጫ ወጣ... ከዚያ የተከፈተ አፍ።

«ክፈት ዶክተር! አየሩን ጨርሰህበታል!»

«ኤሌክትሪኩ ይገድልሃል!»

«ወላሂ ሁለተኛ አይታፈንም!»

በመፍቻው አገጬን መታኝ። ጥርሴ ተሰብሮ ምላሴ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ምት መስታወቱ ላይ አረፈ።

መስታወቱ ወደ ውስጥ ፈነዳ። ስብርባሪው የማህጁብን ጉንጭ ሰነጠቀው፤ ደሙ ዘይቱ ላይ ተንጠባጠበ። የተሰማው አይመስልም። እጁን ሳህኑ ውስጥ ከተተ።

ዘይቱ የጣት ውፍረት እንኳ ጥልቀት አልነበረውም።

ክንዱ እስከ ትከሻው ገባ።

«ያዝኩት! ያዝኩት... ዶክተር፣ ይጎትተኛል!»

ወገቡን አቅፌ ሳብኩ። በጠረጴዛው ስር አየሁ... ምንም የለም። ትከሻው ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ አንድ ነገር ተበጠሰና ሁለታችንም ወለሉ ላይ ወደቅን።

ክንዱ በወርቅ ተለብጦ ወጣ።

ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ ወርቁን አጠበችው። ማህጁብ ራሱን ስቷል። ኸድራ እየሮጠች ደረሰች። ፊቱን አየች... ከዚያ እጁን።

«ይሄ የማህጁብ አይደለም።»

«ኸድራ፣ ደንግጠሽ ነው።»

«የባሌን እጅ አላውቅም እንዴ?»

ከጥፍሮቹ ስር ቀይ አፈር አለ። እርጥብ።

ማህጁብ አልነቃም። እጁ ግን ተነሳ... የኸድራን የእጅ አንጓ ጨበጠ። አጥንቷ ሲንቋቋ ሰማሁ። ወደ ታች ይጎትታት ጀመር... ወደ ሲሚንቶው።

አልጮኸችም።

ተንበረከከች። ጉንጯን ወለሉ ላይ አሳረፈች።

«መጣሁ» አለች።