በር ላይ የሚንቀጠቀጠው ሰው

ኢንስፔክተር ሸጋ እንጅባራ ወደሚገኘው የኪዳኑ ቪዲዮ ቤት የተጠራችው ሟቹ በተቀበረ ማግስት ነው። ኪዳኑ በገዛ የሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ በካሜራ መቆሚያ ብረት ጭንቅላቱን ተመትቶ ተገኝቷል። ይህ ብቻውን ለማስፈራት በበቃ ነበር። ሰፈሩ ግን ከአሟሟቱ ይልቅ የፈራው አንድ ቪዲዮ ነው።

ኪዳኑ በሩ ላይ የሰቀላት አሮጌ የሠርግ ካሜራ ነበረችው። የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ ብቻ ትቀርጽና ኮምፒውተሩ ላይ ታስቀምጣለች። በመጨረሻው ቀረጻ ኪዳኑ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል፤ የሥራ ሸሪኩ የደጉ ባጃጅ ደግሞ በቀርከሃ አጥሮቹ መሐል ወደ ኋላ እየሄደ ከቅያሱ ይወጣል። ቅያሱ ማዞሪያ ስለሌለው ባጃጅ ሁሉ የሚወጣው እንዲያ ነው። ግን ኪዳኑ ይንቀጠቀጣል። እጁ ትንሽ ሄድ ይልና ይመለሳል፣ ደግሞ ሄድ ይላል፤ መላ አካሉ ወባ እንደያዘው ሰው ይርገፈገፋል። ቪዲዮውን ያዩት ለቀስተኞች ነፍሱ ቀድማ ስትወጣ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚሄደው ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል እንጂ በዚያ በር አያልፍም።

ኢንስፔክተሯን ያስጨነቃት ሌላ ነው። ደጉ ሲወጣ ኪዳኑ በሕይወት ከነበረ፣ ግቢው ውስጥ ከእሱ ጋር የቀረችው ሚስቱ ይመኙሽ ብቻ ናት። ሁለት ፖሊሶች እሷን ሊወስዱ መኪና ይዘው ውጭ ይጠብቃሉ።

ይመኙሽ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አላለቀሰችም፤ ሰው ያንንም እንደ ጥፋት ቆጥሮባታል።

«ምንም ድምፅ አልሰማሽም?» አለቻት ሸጋ።

«ከጓሮ ልብስ ሳጥብ ነበርኩ። የጎረቤት ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ሲፈጭ ምን ይሰማል?»

«ከሰው ተጣልቶ ነበር?»

«ከደጉ ጋር። ደጉ ያልተፈቀደለትን የሰው ሙሽራ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ለቀቀ፤ ኪዳኑ ለቤተሰቦቿ እነግራለሁ ብሎ ነበር። ግን እኮ ታርቀው ነው መሰለኝ፤ እጁን አውለብልቦ ሲሸኘው አይተዋል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኢንስፔክተር፣ ከእስሩ ይልቅ ያን ቪዲዮ ነው የምፈራው። ና እያለ ይጠራል። እኔን ቢሆንስ የሚጠራው?»

ሸጋ ደጉን ፍለጋ ወደ ለቅሶው ድንኳን ወጣች። ቪዲዮውን ስታይ እሷም ፈርታ ነበር።

ደጉ ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ከሟቹ ወንድሞች ይልቅ ሽር ጉድ የሚለው እሱ ነው።

«ስትወጣ ተቀርጸሃል። ስትገባስ?»

«ስገባ መብራት ጠፍቶ ነበር። ስወጣ መጣ።»

«ካሜራዋን ታውቃታለህ?»

«ያቺን አሮጌ? የኪዳኑ ጉድ ናት። እኔ የምሠራው በአዲሶቹ ነው።»

የቀረችው ፋና ናት፤ ቪዲዮ የምታቀናብረው ልጅ። የሥራ ክፍሉ ቁልፍ አላት፣ ኮምፒውተሩን ከማንም በላይ ታውቃለች፣ ያን ቀን ዳንግላ እህቷ ዘንድ ነበርኩ ትላለች። ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«ኪዳኑና አንቺ በዚያ ሰሞን ምን ትሠሩ ነበር?»

«አያ ኪዳኑ አዲስ ፕሮግራም ጭኖ ነበር። አሮጌ ካሜራ ምስሉን ባንድ ጊዜ አይጽፍም፤ መስመር እየዘለለ ግማሹን ይጽፋል፣ ከአፍታ በኋላ የተዘለለውን ግማሽ። ይህን የሚያስተካክለው ፕሮግራሙ ነው። አሮጌው ፕሮግራም አንዱን ግማሽ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ምስሉ ይደበዝዛል። አዲሱ ሁለቱንም በየተራ ያሳያል፤ ጥርት ይላል። አንዱን ቀረጻ በሁለቱም እያሳለፍን የትኛው እንደሚሻል እናወዳድር ነበር።»

«የዚች ካሜራ ቀረጻዎችስ?»

«ሁሉም በአዲሱ ጥርት ብለዋል። ለቀስተኞቹ በአዲሱ ካዩት ከዚያኛው በቀር።»

«ያኛውን በአሮጌው አይተሽዋል?»

«ማን ደፍሮ?»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች ሸጋ። «ነይ፣ አብረን እንፍራ።»

ፋና የኢንስፔክተሯን ኮት ጫፍ ይዛ ገባች፤ ቀረጻውን በአሮጌው ፕሮግራም ከፈተችው። ምስሉ ድብዝዝ ያለ ነው፤ ኪዳኑ ግን ዝም ብሎ እንደ ሰው እጁን ያውለበልባል። ሸጋ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ምን ዓይነት መንፈስ ነው በአዲሱ ብቻ የሚንቀጠቀጥ? ፋና፣ የሁለቱ ግማሾች ተራ ቢፋለስ ምን ይመጣል?»

ፋና የፕሮግራሙን ምርጫዎች ከፈተች። ከዚያ ወደ ማያ ገጹ ተጠጋች።

ጥቂት ቆይቶ ይመኙሽ፣ ደጉና ፋና ከሁለቱ ፖሊሶች ጋር ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ይመኙሽ ጀርባዋን ለማያ ገጹ ሰጥታ ቆመች።

«ፋና፣ ሁለተኛውን ግማሽ አስቀድሚው» አለች ሸጋ።

ፋና አንድ ምርጫ ቀየረች። ኪዳኑ መንቀጥቀጡን አቆመ። ከፖሊሶቹ አንዱ አማተበ።

«ቀረጻ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሲገለበጥ የምስሎቹ ተራ ይገለበጣል፤ በየምስሉ ውስጥ ያሉት ግማሾች ግን በድሮ ተራቸው ይቀራሉ» አለች ሸጋ። « ስለዚህ አዲሱ ፕሮግራም አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያለ ያሳያል። የሌሎቹ ቀረጻዎች ግማሾች ከምስሎቹ ተራ ጋር ይስማማሉ፤ የዚህ ብቻ ተፋልሷል። አሁን መሬቱን እዩ። ያን ቀን ዘንቦ ነበር።»

ሁሉም ጎንበስ አሉ። ከባጃጁ ፊት ያለው ጭቃ ልሙጥ ነው። ከጀርባው ደግሞ እስከ ቅያሱ ጫፍ የጎማ ፈለግ ተዘርግቷል። ባጃጁ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ፈለጉ ከጎማው ሥር ይጠፋል።

«እየወጣ አይደለም» አለች ሸጋ። «እየገባ ነው።»

«ፋናም እኮ መገልበጥ ትችላለች» አለ ደጉ።

«ትችላለች። እሷ ብትሆን ግን ግማሾቹንም ታስተካክል ነበር፤ የዘወትር ሥራዋ ነው። ይመኙሽ ደግሞ ራሷን የሚያሳስር ቪዲዮ አትሠራም። የገለበጠው አሮጌ ካሜራ የማያውቅ፣ በአሮጌው ፕሮግራም አይቶ ደህና ነው ያለ ሰው ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር አልከኝ። ጎረቤት ያለው ወፍጮ የሚሠራው በመብራት ነው፤ ያን ቀን ሲፈጭ ውሏል። አገባብህ ተቀርጿል፤ ገልብጠህ አወጣጥ አደረግከው። እውነተኛውን አወጣጥህን አጠፋኸው፤ የሚሸኝህ ሰው አልነበረበትማ።»

ደጉ ወደ በሩ ተመለከተ። ፖሊሶቹ ቀድመውት ቆመዋል።

«ስሜን በሰው ሁሉ ፊት ሊያጠፋው ነበር» አለ። ለይመኙሽ የመጣችው መኪና እሱን ይዛ ሄደች።

ይመኙሽ ቀስ ብላ ዞረች። «በትክክሉ አሳዪኝ» አለቻት ፋናን።

ፋና ቀረጻውን በትክክለኛ አቅጣጫው ለቀቀችው። ባጃጁ ጭቃውን እየሰነጠቀ መጣ። ኪዳኑ በሩ ላይ ቆሞ፣ ፈገግ እያለ፣ እጁን ወደ ሸሪኩ አውለበለበ።

«እኔን አልነበረም የሚጠራው» አለች ይመኙሽ። «ደጉን ነው። እንኳን ደህና መጣህ እያለው ነው።»

ከዚያ ልጇን ለፋና አቀበለችና ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።