አለ፤ መልስ አልሰጠም

ስንዱ እንደ ወትሮዋ ጫማዋን በረንዳው ላይ አወለቀችና ከደፉ ውስጥ የሚጠብቃትን ነጠላ ጫማ አጥልቃ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ገባች። አቧራ ማሽኑን ይገድለዋል ስለሚባል ኮምፒውተር ባለበት ክፍል ሁሉ ሕጉ ይኸው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲም ሳለች በካልሲ እየተንሸራተተች ነው የተማረችው። ጎሬ ላይ ግን ክረምቱ ከገባ ወዲህ አቧራ የሚባል ነገር አልነበረም። ያለው ጉም ነበር፤ ከጫካው እየተነሣ በመስኮቱ ክፈፍ የሚገባ፣ ወረቀቱን የሚያላቁጥ፣ ያልታጠበ ጋቢ የሚሸት ጉም። ያም ሆኖ ጫማዋን አወለቀች፤ እንደ ልማዷም ከበሩ በስተቀኝ፣ ከዳምጤ ጫማ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ዳምጤ ከእሷ በፊት እዚህ ይሠራ የነበረው ባለሙያ ነው። ጥቁር ጫማው ነጭ ሻጋታ ለብሶ ከበሩ በስተግራ ግድግዳውን እንደተደገፈ አለ፤ ያነሣውም የለ።

የመጣችበት ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነበር። የወንዝ ጥናቱ ጽሕፈት ቤት ለዓመታት የለካው የውሃ መጠን በዚህ በአንድ ማሽን ሆድ ውስጥ ነው ያለው፤ የውጭ አገር ባለሙያዎች ትተውት የሄዱት ማሽን ደግሞ ዕድሜው እያለቀ ነው። መረጃውን ወደ ቴፕ ገልብጣ አዲስ አበባ ማድረስ አለባት። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ስለሚበላሽ መስከረም እስኪጠባ ሌላ የለም። ቴፑ ከሠራ ትሄዳለች፤ ካልሠራ ክረምቱን እዚህ ትከርማለች። በሆቴሉ ጥግ ብቻዋን እየበላች፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያዳመጠች የምታሳልፈው ቀሪ ክረምት ከወዲሁ ሰልችቷታል። ከተማው ውስጥ የሚያውቃት ሰው አልነበረም። ከመጣች ጀምሮ ስሟን የጠራ የለም፤ ዘበኛው ጋሽ ወርዶፋ እንኳ «ኢንጂነር» ነው የሚሏት።

ማሽኑን አስነሣችው። ኮምፒውተር በራሱ ደንቆሮ ነው፤ ማተሚያም ይሰካበት ቴፕ፣ ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ካላስተዋወቀው በቀር ዕቃውን እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ሲነሣ ድራይቨሮቹን በተጻፈላቸው ተራ ይቀሰቅሳል፤ እያንዳንዱም የራሱን ዕቃ ይጣራል። ዕቃው ከመለሰ በጥቁሩ ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ «ተገኘ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይወጣል፤ ካልመለሰ «አልተገኘም»። ሁሉም ከተሟሉ ማሽኑ አንዲት አጭር «ጢጥ» ያሰማል። ስንዱ ይህቺን ድምፅ እዚህ ክፍል ውስጥ ሰምታት አታውቅም። አንድ ነገር በለወጠች ቁጥር ማሽኑን አጥፍታ እንደገና ማስነሣት ነበረባት፤ ከጠዋት ጀምሮም ሥራዋ ይኸው ነበር፤ መለወጥ፣ ማጥፋት፣ ማስነሣት፣ ጥፍሯን እየበላች መጠበቅ።

ችግሩ ከማተሚያውና ከቴፑ መሐል የተሰነቀረ፣ ዳምጤ ትቶት የሄደው አንድ ድራይቨር ነው። የምን እንደሆነ የሚናገር ስም የለውም። ከማሽኑ ጀርባ ያሉትን ገመዶች በጣቷ እየተከተለች ብትፈልግም ለእሱ የሚሆን ዕቃ አላገኘችም። ስታወጣው ቴፑም አብሮ ይጠፋል፤ ስትመልሰው ቴፑ ጥቂት ይንፈራገጥና ይቆማል። ማሽኑ እሱ ጋ ሲደርስ «እየፈለግሁ ነው» ይላል፤ ያኔ የዲስኩ ኳኳታ ይቋረጣል፤ የማራገቢያው ድምፅ እንኳ ትንፋሹን እንደያዘ ሰው ዝቅ ይላል፤ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ከዚያ «አልተገኘም» ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል።

መስኮቱን ከፈተች። «ጋሽ ወርዶፋ!»

ጋሽ ወርዶፋ ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ዳስ ሥር፣ ማዳበሪያ ከረጢት ራሳቸው ላይ ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ወርዶፋ!... ኧረ ጋሽ ወርዶፋ!»

«አቤት፣ ኢንጂነር» አሉና እየተነሡ መጡ። «ይቺ ሣጥን ዛሬም አኮረፈች?»

«እሷስ ማኩረፍ ሥራዋ ነው። እርስዎ ግን ሦስቴ ካልተጮኸ አይሰሙም?»

«እሰማለሁ እንጂ። በመጀመሪያው አቤት አልልም፤ በሁለተኛውም። ሰው ከሆነ ይሠልሳል። ያኛው ከሁለት አያልፍም፤ እናቴ እንዲህ ብላ ነው ያሳደገችኝ።»

«ያኛው ማነው?»

«ስም ቢኖረውማ ምን ቸገረኝ፣ እኔው ቀድሜ በጠራሁት!» ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው። «መኪናው ሲመጣ እነግርሻለሁ፤ አትቸኩዪ።»

«ይህ ዳምጤ ጫማውን ጥሎ የት ሄደ? በባዶ እግሩ?»

ሳቃቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ላይ ወረደ። «በጋምቤላ አድርጎ ወደ ሱዳን ጠፋ ነው ያሉት። እንጃ። ያን ቀንም መኪና መጥቶ ነበር። ‹አቤት፣ መጣሁ!› ሲል ከዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እኔ ግን አልጠራሁትም።» ከረጢታቸውን አስተካከሉ። «አልመጣም።»

ስንዱ መስኮቱን ዘጋች። የሽማግሌ ወሬ የምትሰማበት ጊዜ አልነበራትም።

የድራይቨሮቹን ቅደም ተከተል ቀየረችና ማሽኑን አጥፍታ አስነሣችው። ማተሚያው ተገኘ። ከዚያ ስም የለሹ ድራይቨር መፈለግ ጀመረ፤ ዲስኩ ዝም አለ፤ ዝናቡ ተሰማ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሌላ ጽሑፍ ወጣ። «አለ፤ መልስ አልሰጠም»።

«ደግ!» አለች ጮክ ብላ። ቢያንስ ለውጥ ነው። የሆነ ቦታ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። ጠረጴዛው ሥር ገብታ ሶኬቶቹን ሁሉ ነካክታ ወጣች፤ ስትወጣም ከዚህ በፊት ያላስተዋለችው ሽታ አፍንጫዋን መታው፤ የረጠበ ቆዳ፣ ሻጋታ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ልብስ። በሩን ዘወር ብላ አየች። ተዘግቷል። ከደፉ ውስጥ ሁልጊዜ ከእሷው ጎን የሚቀመጠው ሁለተኛው ጥንድ ነጠላ ጫማ ግን ቦታው ላይ አልነበረም፤ ወደ ክፍሉ መሐል መጥቶ፣ ጣቶቹ ወደሚያርፉበት በኩል እሷን እያየ ቆሟል። ስገባ በእግሬ መትቼው ይሆናል አለች፤ ልታነሣው አሰበችና ተወችው።

እንደገና አጥፍታ አስነሣች። «አለ፤ መልስ አልሰጠም»።

እንደገና። አሁን ፍለጋው እያጠረ መጣ፤ ድራይቨሩ የት መፈለግ እንዳለበት የለመደ ይመስል ነበር። ውጭ ጉሙ መስኮቱ ድረስ ተጠግቶ ክፍሉን ያለ ጊዜው አጨለመው፤ ከስክሪኑ አረንጓዴ ብርሃን በቀር የሚታይ ነገር እያነሰ ሄደ፤ የማራገቢያው ድምፅም ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ የሚል ሆነ። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ስክሪኑ ጥቁር መስታወት ይሆናል፤ በእሱ ውስጥም የራሷ ፊት፣ ከኋላዋ ደግሞ ከግድግዳው ጋ ያለው ትርፍ ወንበር ይታያታል። አንድ ጊዜ ወንበሩ ላይ ጎበጥ ያለ የሰው ትከሻ ያየች መሰላት። ዞረች። ወንበሩ ባዶ ነው። ነጠላ ጫማው ከወንበሩ ሥር፣ ተጣምሮ፣ ተቀምጧል።

በዚህ ጊዜ ተነሥታ መውጣት ትችል ነበር። ሐሳቡም መጥቶላት ነበር። ነገር ግን ከሩቅ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ጭቃው ውስጥ የሚያቃስት የመኪና ሞተር ሰማች፤ ክረምቱ፣ የሆቴሉ ጥግ፣ ቆርቆሮው በአንድ ጊዜ ታወሷት። አንድ መስመር ብቻ ነው የቀረኝ አለች። ለወጠችው። አጥፍታ አስነሣች።

ማተሚያው ተገኘ።

«እየፈለግሁ ነው»።

ዲስኩ ዝም አለ። ማራገቢያው ዝም አለ። ዝናቡም እንኳ የቆመ መሰለ። ከግቢው በር የመኪና ጡሩንባ ጮኸ።

«ስንዱ።»

ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ቅርብ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንደሚያውቃት ሰው ስሟን ሳይቸኩል፣ ሳያጎድል ነበር የጠራት። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ ልቧ ከመኪናው ጋር ሆኖ፣ ስሟን መስማት ደስ ብሏት፣ «አቤት! መጣሁ!» አለች።

«ተገኘ»።

ቀጥሎ ቴፑም ተገኘ። ማሽኑ አንዲት አጭር፣ ንጹሕ «ጢጥ» አሰማ፤ ቴፑ ያለ አንድ መንተፋተፍ መሽከርከር ጀመረ። ስንዱ በደስታ ጠረጴዛውን ልትመታ እጇን ልታነሣ ስትል ነው፣ ጎሬ ውስጥ ስሟን የሚጠራት ሰው እንደሌለ ትዝ ያላት።

በመስኮቱ አየች። ጋሽ ወርዶፋ ጀርባቸውን ሰጥተው ከግቢው በር መቀርቀሪያ ጋር ይታገላሉ። ተነሺ ብላ እግሯን አዘዘች፤ እግሯ መልስ አልሰጠም። እጇን አዘዘች። ምንም አላመማትም፤ ምንም አልያዛትም፤ ገመዱ እንደተነቀለ ዕቃ ትእዛዙ ከሚደርስበት ሳይደርስ ይቀር ነበር። ከስክሪኑ ጥቁር ጥግ ላይ የክፍሉን ነጸብራቅ ፈለገች። መስኮቱ አለ። ትርፉ ወንበር አለ። ከፊቱ ያለው፣ እሷ የተቀመጠችበት ወንበርም አለ፤ ባዶውን።

«ጋሽ ወርዶፋ!»

ሽማግሌው እጃቸውን መቀርቀሪያው ላይ እንዳደረጉ ቀጥ አሉ።

«ጋሽ ወርዶፋ!» ድምፁ ከአፏ ሲወጣ ቀጥኖ፣ ሥሥ ሆኖ ተሰማት።

ጋሽ ወርዶፋ ጆሯቸውን ወደ ቤቱ አዘንብለው ሦስተኛውን ጠበቁ። ስንዱ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ አሰባስባ ጠራቻቸው፤ ክፍሉ ውስጥ የተሰማው ግን አንዲት አጭር፣ ንጹሕ «ጢጥ» ነበረች።

መኪናው ገባ፤ ጡሩንባውን ደጋግሞ ነፋ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ ጋሽ ወርዶፋ ገብተውበት ከማያውቁት ክፍል ደፍ ላይ ቆመው የሚሽከረከረውን ቴፕ አዩ፤ ወንበሮቹን አዩ፤ እሷን ሳያዩ በእሷ በኩል አሻግረው አዩ።

«ኢንጂነር» አሉ። «ኢንጂነር። ኢንጂነር።» ሰው ናቸውና ሠለሱት።

ብዙ ቆመው ጠበቁ፤ በመጨረሻም ጎንበስ ብለው ጫማዋን አነሡና ዝናብ እንዳይመታው ከዳምጤ ጫማ አጠገብ አስጠግተው አስቀመጡት።