ለሁለት የተከፈለው ቅጠል

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ የጥቅምት ነፋስ አቧራውን ማንሣት በጀመረበት ወቅት፣ ከአዳማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጉብታ ለአዲሱ ባቡር ሐዲድ ሲባል ለሁለት ተቆረጠ፤ ሆዱ ሲከፈት እንደ ኖራ የነጣ፣ በጥፍር የሚፋቅ ድንጋይ ተደራርቦ ታየ። በየድርቡ መካከል ቅጠል ነበር፤ ከነደም ሥሩ ታትሞ የቀረ፣ ድንጋይ የሆነ የጥንት ቅጠል።

ለሐዲዱ ሠራተኞች በቆርቆሮ ቤት ምሳ የምታቀርበው አሳየች፣ ከጎረቤቷ ከዙለይካ ጋር ሆና ይህን ድንጋይ መልቀም ያዘች። ሰው «አበዱ» አለ፤ እነሱ ግን በየመስኮታቸው ደረደሩት። አንድ ቀን ክንድ የሚያህል ቅጠል ያለበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አብረው አነሡ፤ አብሮ የተገኘ ነገር ለአንድ ሰው ብቻ ከቀረ ቅሬታ ያመጣል ብለው እንደ ቅርጫ ሥጋ በመጥረቢያ ገመሱትና ተካፈሉ።

ጠቡ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በአሳየች ግማሽ ላይ ቀጫጭን ሰንበር ብቻ ስለነበረ «የሐይቅ ዳር ፊላ ነው» አለች። ዙለይካ ደግሞ የሥልጤ ልጅ ናትና፣ በራሷ ግማሽ ላይ ወፍራም አገዳ አይታ «እንሰት ነው» ብላ ድርቅ አለች።

«እንሰት አዳማ ምን ሊሠራ መጣ?»

«አንቺስ ከመንዝ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ከዚያች ቀን ወዲህ ሰላምታ ቀረ።

ወሩ ሳይወጣ፣ የቀድሞ ጦር ሠራዊት ሰው የነበሩት ፎርማን ሃምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል፣ የተቆረጠው ጉብታ ከነገ ጀምሮ በግንብ እንደሚሸፈን አስታወቁ። አሳየች በስንት ልመና ያስጠራቻቸው የጥንት ዕፅዋት ተመራማሪ ዶክተር ቀልቤሳ ከአዲስ አበባ የደረሱትም በዚያው ዕለት ነበር። ግማሹን ድንጋይ በአጉሊ መነጽር ሲያገላብጡ ቆዩና ቀና አሉ።

«እትዬ አሳየች፣ ሌላው ወገኑ የት አለ?»

«ይህ አይበቃም? ፊላ ነው ይበሉኝና ይለቅ።»

«ፊላም ሊሆን ይችላል፣ ሣርም ሊሆን ይችላል። መነሻውን ሳላይ ስም አልሰጥም።»

ሃምሳ አለቃው ጣልቃ ገቡ፤ «ዛሬ ስሙን ከነገሩኝ ለአለቆቼ አመለክታለሁ፤ ስም ለሌለው ቅጠል ግን ባቡር አላስቆምም።»

ለአሳየች የዙለይካን በር ከማንኳኳት እሳት መጨበጥ ይቀላት ነበር፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ቅጠል ምንነቱ ሳይታወቅ በሲሚንቶ ሊታፈን ነው፤ እሷም ያነሣችው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ልትሞት ነው። ተነሥታ ሄደች።

«ዙለይካ!»

«ማነው? ፊላዋ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ድንጋይሽን ይዘሽ ነይ፤ እንሰት ከሆነ በሰው ፊት ስደቢኝ።»

«ወላሂ ይህንማ አላልፈውም!» ብላ ሻሿን አጥብቃ፣ ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወጣች።

ሁለቱ ግማሾች ጠረጴዛ ላይ ሲገጥሙ፣ የአሳየች ቀጫጭን ሰንበሮች ሁሉ ከዙለይካ አገዳ ላይ እንደ ጣት ተዘርግተው የወጡ ሆነው ተገኙ። ዶክተሩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ሁለታችሁም ተረታችሁ። ዘንባባ ነው።»

«ዘንባባ?» አለች ዙለይካ። «በየሆሳዕናው ግንባርሽ ላይ የምታስሪውን ነው ያላወቅሽው?»

«አንቺስ? የምትሰግጅበት ሰሌን ከምን የተሠራ መሰለሽ?»

ሃምሳ አለቃው ቃላቸውን ጠበቁ፤ ለአለቆቻቸው አመልክተው ግንቡ ከወዲያኛው ጫፍ እንዲጀመር አስፈቀዱ፤ ሁለቱ ሴቶችና ዶክተሩም ግንበኛው እስኪደርስባቸው ድረስ ሲፈነቅሉ ሰነበቱ። የዳነው በጆንያ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ተጫነ፤ የቀረውን ግንቡ ዋጠው።

ባቡሩ በተመረቀ ጊዜ የባለሥልጣናቱ ስም ከነማዕረጉ በራዲዮ ተነገረ፤ የአሳየችንና የዙለይካን ስም ያነሣ ግን አልነበረም፤ መንገደኛውም በዚያ ሲያልፍ ከግራጫ ግንብ በቀር የሚያየው የለም። ዘንባባው ዛሬም በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ዶክተሩ ቢያያይዙትም የመጥረቢያው ጠባሳ ከመሐሉ አልጠፋም፤ ተማሪዎች ባዩት ቁጥር «ይህን የሰነጠቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ይሆን?» ይላሉ።

አይደለም፤ ቅርጫ ነው።