ሊሾ ላይ የተለቀለቀ እበት

አምባቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚናገራት ነገር አለችው። «ከጎንደር ሰው ሁሉ ቤት ጠራጊ በውድ የቀጠርሁ እኔ ነኝ» ይላል። እንግዳው ስንት ቢከፍል ነው እያለ ዓይኑን ሲያፈጥ፣ እሱ ወደኔ ያይና ይስቃል። ዛሬ ግን ነገሩን እኔው ልንገራችሁ። እሱ ሲያወራው የራሱን ሞኝነት እየዘለለ ነው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ፈንታዬ ከአይከል ወጣ ብሎ ካለ መንደር የመጣሁ፣ ከተማ የሚባል ነገር ያላየሁ ልጅ ነበርሁ። ያመጣኝ የእናቴ ወንድም አያ ክንዴ ነው፤ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጌሾ ይሸጥ ስለነበር ሰው ያውቃል። እመት ወለተሩፋኤል የሚባሉ ባለ ግቢ፣ ጣሊያን የሠራውን ቤታቸውን ለአንድ ሾፌር አከራይተው ኖሯል። ሾፌሩ ሚስት የለውም፤ ቤቱን የሚጠርግለት ሰው ፈልጉልኝ ብሏቸዋል።

እመት ወለተሩፋኤል ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። መጀመሪያ የጠየቁት ስሜን አይደለም፤ «ዋስ አላት?» አሉ። በዚያ ጊዜ ዋስ የሌላት ልጅ ደጅም አትጠርግም። ብትሰብር የሚከፍል፣ ብትጠፋ የሚፈልግ ሰው ያስፈልጋል። አያ ክንዴ ጋቢውን አጣፍቶ «እኔ አለሁ» አለ። ደሞዜ በወር አምስት ብር፣ ለዓመት በዓል ቀሚስ፣ ማደሪያዬም ከእመት ወለተሩፋኤል ዘንድ እንዲሆን ተቆረጠ። ሾፌሩ ጭነት ይዞ ወደ አዲ አርቃይ ስለወረደ አላየሁትም።

በማግስቱ ቤቱን ከፍቼ ገባሁ። ወለሉ ግራጫ፣ ባዶ፣ እግር የሚያቀዘቅዝ ነው። ሊሾ የሚሉትን፣ ጣሊያን ያስለመደውን ልስልስ ሲሚንቶ፣ እኔ ከየት አውቄው! ምስኪን፣ ወለሉን የሚለቀልቅለት እንኳ የለውም አልሁ። ከሜዳ እበት ሰብስቤ፣ ከአመድ ጋር አሽቼ፣ ሁለቱንም ክፍል ልቅልቅ አደረግሁት። እሱም አልበቃኝ፤ እናቴ እንዳስተማረችኝ ዙሪያውን በጣቴ ጥለት አወጣሁለት። ሲያልቅ ከበሩ ቆሜ አየሁትና በራሴ ኮራሁ።

እመት ወለተሩፋኤል መጥተው ሲያዩ እሪ አሉ። ሊሾዬን ቀበረችው ብለው ጎረቤቱን ሰበሰቡት። ዋሷ ይጠራ ተባለ። አያ ክንዴ ከገበያ ተጠርቶ መጣ፤ የወለሉ ማሳደሻ ከሱ እንደሚጠየቅ ሲነገረው ፊቱ አመድ መሰለ። በሬውን ካልሸጠ ከየት ያመጣል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

የሾፌሩ ማኪና ከደጅ የቆመው በዚህ መሐል ነው።

አምባቸውን መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ረዥም፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ የለበሰ ሰው። ከበሩ ደርሶ ወለሉን አየ፣ ጥለቱን አየ። ጫማውን አወለቀና ገባ። መሐል ላይ ቆሞ ሽታውን ወደ ውስጥ ሲስብ አየሁት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በኋላ እንደነገረኝ እናቱ በልጅነቱ ሞታበታለች። ዘመድ ሳያውቅ በመንገድ ነው ያደገው፤ እንዲህ የሚሸት ቤት ከገባ ብዙ ዘመኑ ነበር።

ሲወጣ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። እጄ እስከ ክርኔ እበት ነው።

«እመት፣ ልጂቱን አይቆጡ» አለ። «ወለሉ ምን እንደሆነ ሳልነግራት የሄድሁ እኔ ነኝ። የሚከፈል ካለ ከኔ እንጂ ከዋሷ አይጠየቅ።»

አያ ክንዴ ትክ ብሎ አየው። ጋቢውን ለብሶ ወደ ገበያው ተመለሰ።

ወለሉን አብረን አጠብነው። ጌታ ከሠራተኛው ጋር ተንበርክኮ ሲፈገፍግ ማን አይቶ ያውቃል? ተዉ ብዬ ብለምነው አልሰማኝም። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ያየኛል፤ ሳየው ወለሉን ያያል። ሊሾው ተመልሶ ሲያብረቀርቅ እመት ወለተሩፋኤል ታረቁን፤ እኔ ግን በውስጤ ምነው ባላለቀ እያልሁ ነበር።

ሰው ለወደዳት ሽቶ ያመጣል። አምባቸው ያመጣልኝ መጥረጊያ ነው። ከአስመራ በመጣ ዕቃ መሐል አገኘሁት አለ፣ እጀታው ረዥም። «ወገብሽ እንዳይጎብጥ» ብሎ ሰጠኝና ጀርባውን አዙሮ ሄደ። ያን ቀን ግቢውን ሁለቴ ጠረግሁት። ከዚያ በኋላ ማኪናው ዳገቱን ሲወጣ ከሌሎቹ ለይቼ አውቀው ጀመር። የሊማሊሞ መንገድ ስንቱን ሾፌር በልቷል፤ እስኪመለስ እህል አይወርድልኝም።

ሞኝነቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ ቤት በሻለ ደሞዝ ፈለጉኝ። መሄዱን አልፈለግሁም፤ ለአምባቸው የነገርሁት አንዲት ቃል ይናገረኝ እንደሆን ብዬ ነው።

ገና ሳልጨርስ ከመቀመጫው ተነሣ። «እጥፍ እከፍልሻለሁ» አለ። «የፈለግሽውን በይ። ብቻ አትሂጂብኝ።»

ድምፁ ሌላ ነገር ይላል፣ አፉ ግን ስለ ብር ያወራል።

በአገራችን ሴት በሰማንያም ትገባለች፣ በደሞዝም። የደሞዝ ሚስት ማለት ወንዱ በወር ይህን ያህል ልስጥሽ ብሎ የሚያኖራት ናት፤ ሲሰለቸው ሒሳቧን ሰጥቶ ይሸኛታል። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ደሞዝሽ ጨመረ ወይ እያሉ ይሳሳቁብኝ ጀምረዋል። በዚህ ላይ እጥፍ ቢከፍለኝ ምን ልባል ነው? ልቤ ተሰበረ።

«እኔ ስላልወደድሁዎት አይደለም» አልሁት፣ ዓይኑን ሳላይ። «ወድጄዎታለሁ። ግን ደሞዝ እየከፈሉኝ እንዲህ ያለውን ነገር አልሰማም። ያሰናብቱኝ። የሚሉት ካለ አባቴ ቤት መጥተው ይበሉት።»

ወለሉን አየ፣ በሩን አየ። በመጨረሻ የወጣችው ቃል እንግዲህ እሱ ለእንግዳ የማይናገራት ናት።

«ቤቱንስ ማን ይጠርግልኛል?»

«መጥረጊያው ከበሩ ኋላ አለ» አልሁና ወጣሁ። እስከ አይከል ድረስ እያለቀስሁ ነው የሄድሁት።

እናቴ ሸጋ እንጀራሽን ጥለሽ ምነው መጣሽ አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ማኪና የሚባል ድምፅ ጠፋ። አንድ ቀን አይመጣም እላለሁ፣ ሌላ ቀን በዚህ ጭቃ እንዴት ይምጣ እያልሁ ጠበቃው እሆናለሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ መጣ። አንድ ቄስና ሁለት የከተማ ሽማግሌዎች ይዟል። አባቴ ዘመድ ጠርቶ አስቀመጣቸው፤ አያ ክንዴም ከኛ ወገን ተቀመጠ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ሽማግሌዎቹ ልጅዎን በሰማንያ ይስጡን አሉ። አባቴ ሁሉን አዳምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ሰውየው ሸጋ ነው ብላችኋል፤ አምኛለሁ። ግን አገሩ መንገድ ነው። ነገ ማኪናውን አስነሥቶ ቢሄድ ልጄን ከማን እጠይቃለሁ? ዋሱ ማነው?»

በሰማንያ የሚያገባ ወንድ ዋስ መጥራት አለበት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለሽምግልና መምጣት ደግነት ነው፤ ዋስ መሆን ግን ንብረት ያስይዛል። ቄሱ መሬት መሬት አዩ። አምባቸው አንገቱን ደፋ፤ የሚጠራው ዘመድ የለው። ዋስ የሌለው ለሴት ልጄ አይሆንም ብሎ አባቴ ሊነሣ ቃጣ።

አያ ክንዴ ተነሣ። ከኛ ወገን ተነሥቶ፣ መሐሉን አቋርጦ፣ ከአምባቸው ጎን ሄዶ ተቀመጠ። የሴት ወገን ለወንዱ ዋስ ሲሆን ታይቶ አይታወቅም። ቤቱ አጉረመረመ።

«እኔ ዋሱ ነኝ» አለ። «ይህች ልጅ የሰው ወለል አበላሽታ በሬዬን ልሸጥ ነበር። ይህ ሰው አይቶን አያውቅም፤ ጥፋቱን የኔ ነው ብሎ ወሰደ። ያን ቀን ለዋሷ ዋስ ሆነልኝ። ዛሬ ጥሏት ቢሄድ በሬዬን ውሰዱ።»

አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ጓዳ ውስጥ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስሁ።

በሰርጌ ማግሥት በጭነት ማኪናው ጎንደር ገባን። እመት ወለተሩፋኤል ደጃፍ ቆመዋል፤ «ለሰርጉ ብቻ ነው የፈቀድሁ» ይላሉ፣ ምን እንደፈቀዱ አላወቅሁም። አምባቸው በሩን ከፈተው። የእናቴ ቤት ሽታ ወጣ።

ሊሾው ከዳር እስከ ዳር እበት ተለቅልቋል። አቤት አለቃለቁ! እዚህ ጎድጉዷል፣ እዚያ ተቆልሏል። ዙሪያውን በጣት የወጣው ጥለት ዶሮ የጫረው ይመስላል።

«ማነው የለቀለቀው?» አልሁት።

«እኔ።»

«ዋስ አለህ?»

«አያ ክንዴ አለኝ» አለ።

አዲሱን የሰርግ ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ።